ኤሲዎ ውሃ ሲያንጠባጥብ ጋዝ ለማስሞላት አይቸኩሉ

በሚያዝያ ሐሩር አንድ ጠብታ ያልጣለ ኤሲ ሐምሌ ላይ ግድግዳ ሲያረጥብ ብዙ የአዳማ ሰው ግራ ይገባዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የከተማዋን የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የሚያሽከረክረው የበጋ ንፋስ አቧራውን ቤት ውስጥ ያስገባል፤ አቧራው ፊልተሩና የውሃ መውረጃው ላይ ሲጠራቀም ይከርማል። በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከኤሲው የሚወርደው ውሃ ትንሽ ነው፣ መዘጋቱም አይታወቅም። ክረምት ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ውሃው ይበዛል፤ መውጫ ሲያጣ ወደ ሳሎን ይመለሳል።

ከኤሲ ውሃ መውጣቱ በራሱ ብልሽት አይደለም። የክፍሉ እርጥበት ከፊልተሩ ኋላ ያለውን ቀዝቃዛ ኮይል ሲነካ ጠብታ ይሆናል፣ ከሥር ወዳለው ትሪ ይወርዳል፣ ከዚያ በጎማ ወደ ውጪ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ከፈሰሰ መጠየቅ ያለበት ውሃው መንገዱን የሳተው የት ላይ ነው የሚለው ነው።

ከሥሩ ሳፋ ደቅኖ ማሠራቱን መቀጠል የመጀመሪያው ስህተት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ካርዱና የሽቦ ማያያዣዎቹ እዚያው ጎን ናቸው፤ በሪሞት ብቻ ሳይሆን ከብሬከሩ ያጥፉት።

አሁን ስለ ማቀዝቀዣው ጋዝ። ውሃ ያየ ሁሉ ቴክኒሻን ጠርቶ «ጋዝ ሳያልቅበት አይቀርም፣ ሙላልኝ» ይላል፤ የተጠራውም ቴክኒሻን ብዙ ጊዜ ሳይመረምር ይሞላል። ይህ ልማድ ስንት ደህና ኮምፕሬሰር (ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረውን ሞተር) አበላሽቷል! ጋዝ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል፤ ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። እርግጥ ጋዝ ሲያንስ ኮይሉ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ በረዶ ይጋግራል፣ በረዶው ሲቀልጥ ከትሪው አልፎ ይንጠባጠባል። ግን በአቧራ የታፈነ ፊልተርም አየር ስለሚከለክል ያንኑ በረዶ ያመጣል። ሁለቱን ሳይለዩ መሙላት፣ ያልጎደለው ላይ መጨመር ነው፤ ግፊቱ ከልኩ ያልፍና ኮምፕሬሰሩ ይግላል።

መለየቱ ገንዘብ አያስወጣም። ክዳኑን ከፍተው ኮይሉን ይዩ። በረዶው ገጹን በሙሉ ከሸፈነው መጀመሪያ ፊልተሩን ይጠርጥሩ። ኮይሉ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከነጣና ውጪ ባለው ማሽን ላይ ቀጭኑ ቱቦ በረዶ ከያዘ የጋዝ ማነስ ሳይሆን አይቀርም። በረዶውን በቢላ ወይም በካቻቢቴ አይፈልቅቁ፤ የኮይሉ ቱቦ ስስ ስለሆነ አንዴ ከተበሳ ጋዙ በሙሉ ይወጣል። ማቀዝቀዙን አቁመው ፋኑን ብቻ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ያሠሩት፣ ራሱ ይቀልጣል። ፊልተሩን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ላርጎ አጥበው ጥላ ላይ በደንብ ያድርቁት። መልሰው 24 ዲግሪ ላይ ያሠሩትና ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ይዩት። በረዶው ከተመለሰ ያኔ ቴክኒሻን ይጥሩ፤ መጀመሪያ የቱቦ ማያያዣዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚያፈስበትን ቦታ ይፈልግ። ያንን ጠግኖ፣ መስመሩን በቫኪዩም ፓምፕ ስቦ፣ የውጪው ማሽን መለያ ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን ይሙላ። መለያው አር-410ኤ የተባለውን የጋዝ ዓይነት እያለ አር-22 የተባለውን ሌላ ዓይነት የሚጨምር ካለ ያስቁሙት።

አብዛኛው ፍሳሽ ግን የትሪውና የጎማው ጉዳይ ነው። የጎማውን የውጪ ጫፍ በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አየር መንፋት አተላውን ወደ ትሪው ይመልሰዋል፤ ውሃውም ግድግዳው ላይ ይረጫል። ሽቦ መስደድ ደግሞ ጎማውን ግድግዳው ውስጥ ይበሳዋል። ትክክሉ መሳብ ነው። ውሃ የሚስብ ቫኪዩም ክሊነር ጫፉ ላይ አድርገው፣ ዙሪያውን በጨርቅ አፍነው፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ያሠሩት። ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይወጣል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ትሪው ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ የፈላ አይሁን፣ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ለዝልግልጉ ግማሽ ኩባያ አቼቶ ይበቃል። በረኪና የኮይሉን አሉሚኒየም ስለሚበላ አይጠቀሙ።

ጎማውን ጀሪካን ውስጥ መንከርም የተለመደ ነው። ውሃው ለአትክልት ይጠቅማል፣ ማጠራቀሙ መልካም ነው። ነገር ግን ጫፉ ውሃ ውስጥ ከገባ አየር ይታፈንና ፍሳሹ ይቆማል። ጫፉ ከውሃው ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይንጠልጠል፤ ጉንዳን እንዳይገባበት ወንፊት ይሰርለት።

ጎማው በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር እየወረደ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ሆድ ከሠራ ውሃ እዚያ ይተኛል፣ አቧራውም እዚያ ይጋገራል። የግድግዳው ቀዳዳም ወደ ውጪ ማዘንበል አለበት። ቤት ለበዓል ሲቀባ ቀለም ቀቢው ማሽኑን ወደ ላይ ገፍቶ ሲመልሰው ከማንጠልጠያው ይላቀቅና ወደ ተቃራኒው ጎን ያዘነብላል። ከበዓል ማግስት የሚጀምር ፍሳሽ ካለ ውሃ ልክ አስቀምጠው ይዩት፤ ማሽኑ ልክ ወይም ወደ ጎማው በኩል በጥቂቱ ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ትሪው ንጹሕ፣ ጎማው ክፍት ሆኖ ጠብታው ካልቆመ ወፍራሙን የመዳብ ቱቦ በእጅዎ ይዳስሱ። የአዳማ ፀሐይ የተጠቀለለበትን ፕላስተር ይሰነጣጥቀዋል፣ ሥሩ ያለው ስፖንጅም ይላጣል። የተራቆተው ቱቦ ያልበዋል፤ ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ሲወርድ ከኤሲው የወጣ ይመስላል። የተላጠውን ቆርጦ በአዲስ ስፖንጅ መሸፈንና በደንብ መጠቅለል በቂ ነው።

ቴክኒሻኑ ጨረስኩ ሲልዎ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሊትር ውሃ ትሪው ላይ ቀስ አድርጎ እንዲያፈስ ይጠይቁትና ጎማው ጫፍ ላይ ቆመው ይመልከቱ። ያፈሰሰው በደቂቃ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። ከዚያ ኤሲው ለግማሽ ሰዓት ይሥራ፣ ከሥሩ ደረቅ ካርቶን ያንጥፉ፤ ካርቶኑ ላይ አንዲት ነጥብ እርጥበት ካዩ ሥራው አላለቀም።