«ጠላት ሊመጣ ነው፣ ድምፃችሁን ለትንሽ ፓርቲ አታባክኑ» ሲባል ነገሩ እንዴት ይመዘናል?

ምርጫ ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ወሬ አብሮ ይሞቃል። አንዱ የጦርነት ነው። ግብፅ እንዲህ አለች፣ ኤርትራ እንዲህ አደረገች ይባላል። ሌላው የድምፅ ነው። ለትንሽ ፓርቲ መስጠት ማባከን ነው ይባላል። ለየብቻቸው ክፋት የላቸውም። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰፉ ነው። «ሊወጉን ነው፣ ስለዚህ ለትልቁ ስጡ»። ወይም ደግሞ «ስጋቱ የመንግሥት ፈጠራ ነው፣ ስለዚህ ለተቃዋሚ ስጡ»። ሁለቱንም አልወዳቸውም። ለማን እንደምትመርጡ ልነግራችሁ አልመጣሁም፤ ክርክሩ እንዴት እንደሚፈታታ ግን ላሳያችሁ።

1. መጀመሪያ ቆራርጡት

ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ጻፉ። ስጋቱ እውነት ነው? ምን ያህል ቅርብ ነው? ትልቁ ፓርቲ ቢያሸንፍ ስጋቱ ይቀንሳል? የእኔ ድምፅ በእኔ ምርጫ ክልል ውጤት ይቀይራል?

አንዱን «አዎ» ማለት ሌሎቹን አዎ ማለት አይደለም። ቡና ላይ የሚያሸንፉን ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ አስረድተው የአራቱንም ሂሳብ ይቀበላሉ።

2. ወሬውን አጣሩ

ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ስልክ ድምፁ ተለቆ «ሰበር ዜና» ካለ ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ወሬው ግን አይቋረጥም። ከዋሻው ሲወጣ «ጦር ተንቀሳቀሰ» የነበረው «ጦር ገባ» ሆኗል። ያሳደገው ቻናሉ ሳይሆን የኋላ ወንበር ነው።

ምስል ከሆነ ስክሪንሾት አንስታችሁ ጎግል ሌንስ ላይ ጫኑት። የቆየ ወታደራዊ ልምምድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይያዛል። የድምፅ መልእክት ላይ አይሠራም። ባለቤቱ የማይታወቅ የቴሌግራም ድምፅ ከሆነ እኔ አላስተላልፍም፤ በቃ። ኤአይ ቻትን «ይሄ ቪዲዮ እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅንም አልመክርም። ሲሳሳት እንኳ በሙሉ ልብ ነው።

ሁሉንም ወሬ «ውሸት ነው» ማለት ደግሞ ብልጠት አይደለም። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ ወሬው እውነት ነበር። የአገር ውስጥ ጦርነት ቢሆንም፣ እዚህ የነበረ ሰው «ወሬ ነው» ብሎ መቀመጥ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል።

3. ዛቻን ከዝግጅት ለዩ

ንግግር ርካሽ ነው። ነዳጅ፣ ውኃ፣ መንገድና ወደብ ግን ገንዘብ ያስወጣሉ፣ ለመደበቅም ያስቸግራሉ። ስለዚህ መሪው ምን አለ ከማለት ይልቅ ስንቁ የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ግጭት ተነሣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ጣሊያን በስዊዝ በኩል ወታደርና መሣሪያ ወደ ምጽዋ አጓጓዘ፣ ወደቡን አሰፋ፣ መንገድ ሠራ። መስከረም 22 ቀን 1928 የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ሞሶሎኒ ሲፎክር ነበር፣ መርከቦቹም ሲመላለሱ ነበር። «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚለው ተረት እሱ ላይ አልሠራም።

አሁን ካይሮን እዩ። ግንቦት 26 ቀን 2005 ፕሬዚዳንት ሙርሲ ፖለቲከኞችን ሰብስበው ስለ ሕዳሴ ግድብ ተነጋገሩ። ተሰብሳቢዎቹ በቀጥታ ሥርጭት እየተላለፉ መሆናቸውን አላወቁም ነበር። አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ አማፂያንን እንደግፍ አለ። ግድቡን ስለ ማፍረስም ተነሣ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የሌላኛው ሐሳብ ነው። ግብፅ የጦር አውሮፕላኖችን አቅም የሚጨምር ግዢ ልትፈጽም ነው የሚል ወሬ እናስወራ አለ። ልብ በሉ፣ እንግዛ አላለም። የሚፈለገው እኛ መስማታችን ብቻ ነበር። ስለዚህ አስፈሪ ዜና ሲደርሳችሁ እንድንፈራ የፈለገ አካል ሊኖር እንደሚችል አስቡ። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ።

ይሄ ማለት ከግብፅ በኩል ስጋት የለም ማለት አይደለም። ዓይነቱን እንድትለዩ ነው። ከግብፅ ጋር ድንበር አንጋራም፤ ሱዳን መሀል አለች። ግድቡ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፣ ያለውም ሱዳን ድንበር አጠገብ ነው። ሞልቶ ሳለ ቢመታ ጎርፉ መጀመሪያ የሚያገኘው ሱዳንን ነው። እግረኛ ጦር ከመጠበቅ ይልቅ ዲፕሎማሲን፣ ጎረቤት አገር ላይ የሚደረግ ስምምነትን፣ በእጅ አዙር የሚሰጥ ድጋፍን መከታተል ያዋጣል። ሐምሌ 1969 ከሶማሊያ የመጣው ግን ሌላ ነበር። ድንበር የሚጋራ፣ በሶቪየት መሣሪያ የታጠቀ፣ የአዲስ አበባን ቀውስ ያየ ጦር ነው የገባው። ያን ጊዜ «ማጋነን ነው» ያለ ሰው ተሳስቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስጋት የሚያጋንነው መንግሥት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ በሚሳይል ሶቪየት በልጣናለች እያለ የቀሰቀሰው ተፎካካሪው ኬኔዲ ነበር። ኋላ ሲታይ የበለጠችው አሜሪካ ነበረች። በ1964 ደግሞ በሥልጣን ላይ የነበረው የጆንሰን መንግሥት ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ላይ ሁለተኛ ጥቃት ደረሰብን አለ። ጥቃቱ አልነበረም። ኮንግረሱ ግን በቀናት ውስጥ ጦር የመጠቀም ሥልጣን ሰጠው፣ ምርጫው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነበር። ሁለቱም ወገን ያደርገዋል።

4. የድምፁን ሂሳብ በራሳችሁ ምርጫ ክልል ሥሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚንሸራተተው። ስለ አገር ያወራና ሂሳቡን በአገር ይሠራል። የእኛ ምርጫ ግን በአገር አይቆጠርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል። ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም።

30 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው 13 ሺህ፣ ሁለተኛው 11 ሺህ፣ ሦስተኛው 6 ሺህ አገኙ። አንደኛው ያልፋል፤ 17 ሺህ ሰው ባይፈልገውም። የሦስተኛው መራጮች ከሁለተኛው ጋር ቢስማሙ ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። «ማባከን» የሚለው ክስ ጉልበት የሚኖረው እዚህ ነው። አንደኛው 24 ሺህ ካገኘ ግን ክሱ ባዶ ነው። ለማንም ስጡ፣ ወንበሩ አይቀየርም። ስለዚህ ያመናችሁበትን ብትመርጡ ምንም አታጡም፤ ለሚቀጥለው ጊዜም ቁጥር ታስመዘግባላችሁ።

ሁለት ምሳሌ ከአሜሪካ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ቡሽ ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ነው። ሦስተኛው ተወዳዳሪ ራልፍ ናደር እዚያው ከ97 ሺህ በላይ አግኝቷል። (ናደር ባይኖር ሁሉም ለጎር ይሰጡ ነበር ማለት አይደለም፤ ቤቱ የሚቀረውም ብዙ ነው።) በ1992 ደግሞ ሮስ ፔሮ ከመላው አገር ድምፅ 19 በመቶ ገደማ አግኝቶ ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት የየግዛቱ ወኪሎች አንድም አላገኘም። ድምፁ በየግዛቱ ስስ ሆኖ ተበተነ። ድምፅ መብዛቱ ብቻ ሳይሆን የት መብዛቱ ነው የሚቆጠረው።

እኛ ጋ ምን አለ? በእኛ አቆጣጠር በ1997 የተወዳደረው የተቃዋሚዎች ጥምረት ቅንጅት የተመሠረተው ከምርጫው ወራት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር በሙሉ ወሰደ። በ2002 መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ከመላው አገር ያገኘው አንድ ወንበር ነው። በሰኔ 2013 ከተወዳደሩት ውስጥ ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር አገኙ። «ትንሽ ፓርቲ» የሚባለው አንዱ ምርጫ ክልል ላይ ሁለተኛ፣ ሌላው ላይ ስሙም የማይታወቅ ሊሆን ይችላል። እናም መንዝ ያለ ዘመድ የሚሠራው ሂሳብ ደብረ ብርሃን ላይ ላይሠራ ይችላል። ያለፈውን የምርጫ ክልላችሁን ውጤት ፈልጉ። በተለይ ሁለተኛ የወጣው ማን እንደሆነና ልዩነቱ ስንት እንደነበር እዩ። በ2013 ድምፅ ያልተሰጠባቸው አካባቢዎች ስላሉ ካላገኛችሁ ከዚያ በፊት በነበረው ምርጫ ታዛቢ የነበረ ሰው ጠይቁ። የፌስቡክ ላይክ ቁጥር አይተካውም፤ ላይክ የሚያደርገው ሰው ዋሽንግተን ሊሆን ይችላል።

5. ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉ

«ትልቁ ፓርቲ ቢያሸንፍ ስጋቱ ይቀንሳል?» የሚለው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሏችኋል። ጥሩ። ግን ግንቦት 1990 የባድመ ጦርነት ሲነሣ ኢሕአዴግ የምክር ቤቱን አብዛኛውን መቀመጫ ይዞ ነበር። ብዙ ወንበር ጦርነቱን አላስቀረም። ከ400 በላይ ወንበር ያለው ፓርቲ አንድ ወንበር ቢያጣ ጦሩን የሚያዘው ሰው አይቀየርም። በሌላ በኩል የ1969 ታሪክ የውስጥ ቀውስ ጠላት እንደሚጋብዝ ያሳያል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስንት ወንበር አለው አይደለም። ከምርጫው በኋላ አገሩ ይረጋጋል ወይስ አይረጋጋም ነው። ለዚህ እኔ ቀላል መልስ የለኝም።

የጦርነት አዋጅ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲቀርብለት፤ አንቀጽ 55 ላይ አለ። ምርጫ ጣቢያ የሚሰጧችሁ ወረቀት ግን ሁለት ነው፦ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ጦርነትና ሰላም የመጀመሪያው ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የመሬት ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ጋር ይያያዛል። የውጭ ወራሪ የሚል ክርክር የክልሉን ወረቀት አይመለከተውም። ሁለቱን ለተለያየ ፓርቲ መስጠት ይቻላል፣ ማንም አይከለክላችሁም።

6. ትንሹንም ፓርቲ ጠይቁት

ትልቁን ጠምዝዞ ትንሹን በምስጋና ማለፍ ደስ አይለኝም። እጩው አዳራሽ ሲመጣ እጅ አውጡና ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በአባይ ውኃ ላይ ስምምነት ቢቀርብ ምን ላይ አትደራደሩም? ሁለተኛ፣ የመከላከያ በጀት ሲቀርብ በምን መለኪያ ትደግፋላችሁ፣ በምን ትቃወማላችሁ? ሦስተኛ፣ የጦርነት አዋጅ ረቂቅ ነገ ቢመጣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ምን ማስረጃ ትጠይቃላችሁ?

«ለሕዝባችን እንታገላለን» ብሎ ከተቀመጠ መልሳችሁ ጠይቁት። ሰብሳቢው «ሰዓት አልቋል» ካለ በር ላይ ጠብቁት። እጩዎች በር ላይ ማይክ ሳይዙ የተሻለ ይመልሳሉ።