ሳይበርዴክ ስትሠሩ ከኪቦርዱ ጀምሩ

ሳይበርዴክ ማለት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሰዎች «የወደፊቱ ኮምፒውተር እንዲህ ይሆናል» ብለው ያሰቡትን ማሽን ዛሬ ባለው ዕቃ በገዛ እጅ መሥራት ነው። ጠባብ ስክሪን፣ ደህና አድርጎ የሚጫን ኪቦርድ፣ እጀታ ያለው ሣጥን፣ ቀጭ ሲል የሚሰማ ማብሪያ ማጥፊያ። ውስጡ ብዙ ጊዜ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ መዳፍ የማይሞላ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ነው። ታዲያ ብዙ ሰው መጀመሪያ ቦርዱን ይገዛል፣ ከዚያ የሚያምር ሣጥን ይፈልጋል፣ ኪቦርዱን መጨረሻ ላይ በተረፈችው ቦታ ይወትፈዋል። እንዲህ የተሠራ ማሽን ፎቶ ላይ ያምራል። ሲጽፉበት ግን ጣት ያሳምማል፣ ትንሽ ቆይቶም አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ኪቦርዱ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ።

ሥራው ስል አንድ ሥራ ማለቴ ነው። ጽሑፍ መጻፊያ ነው? ኮድ መጻፊያ? የድሮ ጌም መጫወቻ? ሁሉንም ላድርግበት ካላችሁ ተራ ላፕቶፕ ይሻላችኋል፣ እውነቴን ነው። አንዱን ከመረጣችሁ ግን ምን መተው እንደምትችሉ ወዲያው ይታያችኋል። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ትልቅ ስክሪን አያስፈልግም፣ ስፒከር አያስፈልግም፣ ፈጣን ቦርድም አያስፈልግም።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የድሮዎቹን ማሽኖች ፎቶ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኦስቦርን 1 ወደ 11 ኪሎ ይመዝን ነበር። ስክሪኑ 5 ኢንች ነው፣ በአንድ መስመር የሚያሳየው 52 ፊደል ነበር፣ ባትሪ ስላልነበረውም ሶኬት በሌለበት አይሠራም። በ1982 የመጣው ግሪድ ኮምፓስ ደግሞ የማግኒዥየም ሣጥንና የሚታጠፍ ብርቱካናማ ስክሪን ነበረው፤ ከናሳ ጠፈርተኞች ጋር ሕዋ ድረስ ሄዷል። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረኝ ግን የ1983ቱ ቲአርኤስ-80 ሞዴል 100 ነው። ስክሪኑ 8 መስመር በ40 ፊደል ብቻ፣ ኪቦርዱ ግን ሙሉ። በአራት ተራ የባትሪ ድንጋይ 20 ሰዓት ያህል ስለሚሠራ ጋዜጠኞች ይዘውት ይዞሩ ነበር። ሠሪዎቹ ጣት የሚያርፍበትን አልነኩም፣ የቀረውን ቀነሱ።

በሬትሮ ኮምፒውቲንግ፣ ማለትም የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች በሚሠሩት ሥራ ውስጥ፣ የሳይበርዴክ ቦታም እዚህ ጋ ይመስለኛል። አንዱ ወገን የድሮውን ማሽን ይጠግናል። ሌላው የድሮውን ሶፍትዌር በዛሬ ኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር፣ የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ያስነሳል። ሳይበርዴክ የሚሠራው ደግሞ በመሃል የተተወውን መንገድ ያነሳል። በዚያን ጊዜ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ምን መምሰል እንዳለበት ገና አልተወሰነም ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪና የሚያክል ሣጥን ሆነ፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሆነ፣ እንደ ኤፕሰን ኤችኤክስ-20 የራሱ ማተሚያ ያለው ሆነ፣ ከዚያ የሚታጠፈው ላፕቶፕ አሸነፈና ሌላው ሁሉ ቀረ። ስለዚህ ያንን ዘመን ወደን እየሠራን ዕቃውን ማጥፋት የለብንም። የሚሠራ ወይም ሊጠገን የሚችል የድሮ ማሽን ገፍፋችሁ ሣጥኑን አትውሰዱ፣ እለምናችኋለሁ። ባዶ ሣጥን ካገኛችሁ ግን ተጠቀሙበት። የድሮ ወፍራም ሞኒተር ግን ካልሠለጠናችሁበት አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ወደ ኪቦርዱ እንመለስ። በመደበኛ ኪቦርድ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 19 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 15 ቁልፍ ረድፍ 28 ሴንቲሜትር ተኩል ይወስዳል፣ ባለ 12 ቁልፍ ረድፍ 23 ገደማ። የሣጥናችሁን ስፋት የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። 23 ሴንቲሜትሩ ቦርሳ ውስጥ በደንብ ይገባል፣ ግን ቁጥሮችና ምልክቶች ሌላ ቁልፍ አብሮ ተይዞ ነው የሚገኙት። ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ቅንፍና ነጠላ ሰረዝ በየደቂቃው ስለምትፈልጉ ሰፊውን ውሰዱ። ከተቻለ ሣጥን ሳትሠሩ ኪቦርዱን ብቻውን ጥቂት ቀን ሥሩበት። ካልተመቻችሁ ሌላ ቀይሩ፣ እስካሁን ምንም አልከሰራችሁም።

ስክሪኑን ከኪቦርዱ ስፋት ጋር አዛምዱ። ረጅምና ጠባብ፣ 1280 በ400 ፒክስል የሆኑ ስክሪኖች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። 16 በ32 ፒክስል በሆነ ትልቅ ፊደል 80 ፊደል በ12 መስመር ይይዛሉ፣ ያ ከሞዴል 100 በብዙ ይበልጣል፣ ዓይንም አያደክምም። አረንጓዴና ብርቱካናማ የነበሩት የድሮ ስክሪኖች ቀለማቸው ከመስታወቱ ጀርባ ከተቀባው ፎስፈር ከሚባል የሚያበራ ንጥረ ነገር የመጣ ነው። እናንተ በሶፍትዌር ታመጡታላችሁ።

አሁን ካርቶን አምጡ። ኪቦርዱን፣ ስክሪኑንና ባትሪውን በትክክለኛ ቦታቸው በቴፕ ለጥፉና ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። ስክሪኑ ከባድ ከሆነ ማሽኑ ወደ ኋላ ይገለበጣል። መፍትሔው ባትሪውን ወደ ፊት፣ ከመዳፍ ማሳረፊያው ሥር ማምጣት ነው። የእጅ አንጓችሁ ጠርዝ ላይ ከተቆረጠም አሁኑኑ ታውቁታላችሁ። ይህን ደረጃ ዘሎ ወደ ኮምፔንሳቶ ወይም ወደ ላሜራ መሄድ ዕቃ ማባከን ነው።

ብዙ ማሽን የሚበላሸው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ራስበሪ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት በ3 አምፔር ነው። ቮልቱ ወደ 4.6 ከወረደ ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት ታያላችሁ፣ ቦርዱም ይንቀራፈፋል ወይም በመሃል ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ሰው ያኔ ባትሪውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የቀጭኑና የረጅሙ ኬብል ነው። አጭርና ወፍራም ሽቦ ተጠቀሙ።

ለመጀመሪያ ማሽን የምመክረው ተራ ፓወር ባንክ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው ቁጥር በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ባትሪ የተለካ ነው፣ ስለዚህ 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነውን ስትቀንሱ 30 ገደማ ይቀራል። ስክሪኑና ቦርዱ አብረው 6 ዋት ከበሉ 5 ሰዓት አገኛችሁ ማለት ነው። አንዳንዱ ፓወር ባንክ ቻርጀር ሲሰካበት ለቅጽበት ስለሚቋረጥ ማሽኑን ያጠፋዋል፣ ሣጥን ውስጥ ከማሰራችሁ በፊት ፈትኑት። 18650 የሚባሉትን የሊቲየም ባትሪዎች ለብቻቸው ከመረጣችሁ መከላከያ ሰርኪውት የግድ ነው። ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለባቸውም። የተጎዳ ወይም ልጡ የተላጠ አትጠቀሙ፣ ሽቦም በቀጥታ አትበይዱባቸው፣ ሙቀቱ ውስጣቸውን ይጎዳል። ማቀፊያ ግዙላቸው።

ሣጥን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ሥሩበት። ከሠራ ወደ ሣጥኑ ግቡ። ሣጥኑን በ3ዲ ፕሪንተር በፕላስቲክ አትማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ስለሚጀምር ከቦርዱ አጠገብ ለሚሆነው ክፍል ፒኢቲጂ የሚባለው ይሻላል። ቦርዱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በትራፓኖ ከታችም ከላይም ቀዳዳ አድርጉ፣ አየሩ መግቢያም መውጫም ይኑረው። ላሜራ ከሆነ ዋይፋዩ ይታፈናል፣ አንድ ጎኑን ፕላስቲክ አድርጉት። ክዳኑን በማጣበቂያ አትዝጉ። በብሎን ዝጉት፣ ምክንያቱም ትከፍቱታላችሁ፣ ደግማችሁም ትከፍቱታላችሁ።

ማብሪያ ማጥፊያው የሳይበርዴክ ጌጥ ነው፣ ግን ኃይሉን በድንገት የሚቆርጥ ከሆነ ሚሞሪ ካርዱ እየተጻፈበት ሊበላሽ ይችላል። ሁለት አድርጉት። አንዱ ቦርዱ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ የሚያዝ ትንሽ በተን፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ባትሪውን የሚለይ ትልቁ ማብሪያ።

ሶፍትዌሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ለድሮ የዶስ ጌም ዶስቦክስ፣ ኮሞዶር 64 ለሚባለው የድሮ ኮምፒውተር ጌም ደግሞ ቫይስ የሚባሉ ኢሙሌተሮች አሉ። ለጽሑፍ ዴስክቶፕ፣ ማለትም መስኮትና አይኮን፣ የሌለው ሊኑክስ በጣም ይበቃል። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን ፊደላችንን የሚያሳይ ጎሀ የሚባል ፎንት አለ። በአማርኛ ለመጻፍ ግን ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ጭናችሁ አይባስ የሚባለውን የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም መጠቀም ይሻላችኋል።

የመጨረሻውን ብሎን ከማሰራችሁ በፊት የሽቦዎቹን ፎቶ አንሱ። የትኛው ቀለም 5 ቮልት፣ የትኛው መሬት (ኔጌቲቭ) እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉ። ከዚያ ክዳኑን ዝጉና አንድ ሰዓት ሥሩበት፣ ባትሪው ያለበትን ጎንም በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅ ላይ ማቆየት የማይቻል ከሆነ አጥፉትና እንደገና ክፈቱት።