ቀለም የሚበላ ፕሪንተር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

«ይሄ ፕሪንተር ቀለም ጨረሰኝ፤ ቆጣቢ የሆነ ሌላ ንገረኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከፍቼ ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም። ወይ አያያዙ ነው፣ ወይ ለማይሆን ሥራ የተገዛ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ፤ የትኛውን መግዛት እንዳለባችሁም ከዚያው ይወጣል። ገመዱ መሰካቱን፣ ወረቀት መኖሩን፣ ድራይቨሩ መጫኑን አይታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀለም አለ፣ ጽሑፉ ግን ነጭ መስመር እየጣለ ይወጣል

በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው። አንዳንዴ መስመር ብቻ አይደለም፣ አንዱ ቀለም ጭራሽ ይጠፋል።

ኢንክጄት፣ ማለትም በፈሳሽ ቀለም የሚያትመው ፕሪንተር፣ ቀለሙን የሚረጨው ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹን አየር ካገኛቸው ቀለሙ እዚያው ይደርቃል። ይህ እንዳይሆን ፕሪንተሩ በራሱ ማጥፊያ ሲጠፋ ፕሪንት ሄዱ (ቀዳዳዎቹ ያሉበት ክፍል) ጥግ ይይዝና ጎማ ያለው ማረፊያ ላይ ይቀመጣል። ጎማው ከሥር ግጥም አድርጎ ይከድነዋል። ማሽኑ ገና እየሠራ ሶኬቱ ከተነቀለ ግን ፕሪንት ሄዱ መሃል ላይ ክፍቱን ይቀራል።

አንዲት ደንበኛዬ ሥራ እንደጨረሱ ዲቫይደሩን ጠርቅመው ነበር የሚነሱት። ኤሌክትሪክ እንዳይቆጥር ነው አሉኝ። ሥራ ፈቶ የቆመ ኢንክጄት የሚወስደው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። ጠዋት ሲበራ ግን ራሱን ማጽዳት ይጀምራል። ያ የምትሰሙት ጉርጉርታ ፓምፑ ቀለም እየመጠጠ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሲደፋ ነው። «ሳላትምበት አለቀ» ያሉት እውነታቸውን ነበር። የታችኛውን ክዳን ስፈታ የማጠራቀሚያው ስፖንጅ ጠቁሮ ጭቃ መስሏል፤ በጣት ሲጫኑት ያንጠባጥባል። በገንዘባቸው የገዙት ቀለም እዚያ ውስጥ ነበር።

ሌላው መንገድ ሳያትሙ ለወራት ማስቀመጥ ነው። አንድ መምህር ማሽናቸውን የሚያስታውሱት ፈተና ሲደርስ ብቻ ነው። ጽሑፉ እንቢ ሲላቸው ሄድ ክሊኒንግን (ፕሪንት ሄዱን የሚያጸዳውን ትዕዛዝ) ደጋግመው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫኑ አደሩ። ቀለሙ ከታችኛው ምልክት በታች ወረደ፣ ቱቦው አየር ሳበ። ተራ መድረቅ የነበረው ሌላ በሽታ ወለደ። ግልጽ ቱቦ ባላቸው ማሽኖች ላይ በቀለሙ መሃል የተቆራረጠ ባዶ ቦታ ካያችሁ እሱ ነው።

መፍትሄው ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ኖዝል ቼክ፣ ማለትም ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን የሚያሳየውን የሙከራ ገጽ አትሙ። በየቀለሙ ደረጃ ደረጃ የሚወጡት ትንንሽ መስመሮች ካልተቆራረጡ ፕሪንት ሄዱ ደህና ነው፣ ክሊኒንግ አትንኩ። ከጎደሉ አንድ ጊዜ አጽዱና እንደገና ኖዝል ቼክ አትሙ። ከሦስት ጊዜ አትለፉ። ካልተስተካከለ በማጥፊያው አጥፉና 12 ሰዓት ያህል ተዉት። ቁጭ ባለበት የደረቀው እየራሰ፣ አየሩም እየወጣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኃይለኛው ክሊኒንግ የሚኬደው። እሱ ብዙ ቀለም ይጨርሳል። ኤፕሰን ኢኮታንክ (ቀለም ከጠርሙስ የሚሞላበት ባለታንክ ፕሪንተር) ላይ ሁሉም ታንክ ቢያንስ ሲሶ ሳይሞላ እንዳትጀምሩት።

በመርፌ አትጎርጉሩ። አሴቶን አታስገቡ። በሲሪንጅም አትግፉ። አንድ ልጅ ቪዲዮ አይቶ የመስታወት ማጽጃ በሲሪንጅ በኃይል ገፋበት። ፈሳሹ በጎን ወጥቶ ሪባን ኬብሉ (ጠፍጣፋው ሽቦ) ላይ ፈሰሰ፣ ቦርዱም አብሮ ተቃጠለ። በትዕግሥት ይከፈት የነበረ ማሽን አሁን የመለዋወጫ ምንጭ ሆኗል።

ፕሪንት ሄዱ ካርትሪጁ (ሲያልቅ ተነቅሎ የሚቀየረው የቀለም ዕቃ) ላይ ያለ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ለስላሳ፣ ብናኝ የማይጥል ጨርቅ ለብ ባለ የተጣራ ውኃ አርጥባችሁ ቀዳዳው ያለበትን ፊት ለአፍታ አሳርፉበት። መፈግፈግ የለም። አዲስ ካርትሪጅ ስትገዙም አዲስ ፕሪንት ሄድ ገዛችሁ ማለት ነው። የኤፕሰን ታንክ ማሽኖች ግን ፕሪንት ሄዳቸው ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ከተበላሸ ለመቀየር ውድ ነው።

እንዳይደገም በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉም ቀለም ያለበት ገጽ አትሙ። የምትከስሩት ጠብታ ነው። አጥፉት ስላችሁ ደግሞ በማጥፊያው። መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ ዲቫይደሩን እንደ ፍጥርጥራችሁ አድርጉት።

ጥቁር ብቻ ነው የማትመው፣ ባለቀለሙ ግን አለቀ

ሴቲንጉን እዩ። ብዙ ፕሪንተር ካልነገሩት በስተቀር ጥቁሩን ቀለማት ቀላቅሎ ይሠራዋል፤ በተለይ የወረቀቱ ዓይነት ፎቶ ወረቀት ተብሎ ከተቀመጠ። ግሬይስኬል (ያለ ቀለማት፣ በጥቁርና ግራጫ ማተም) እና ተራ ወረቀት ምረጡ። እንዲያም ሆኖ ክሊኒንግ ባለቀለሙንም ይወስዳል። አንዱ ቀለም ስላለቀ ጥቁሩንም አላትምም የሚሉ ማሽኖች አሉ። ይሄን ሳትጠይቁ አትግዙ።

አዲስ ነው፣ ቀለሙ ግን ወዲያው አለቀ

ከብዙ አዳዲስ ማሽኖች ጋር የሚመጣው ካርትሪጅ ወይም ቶነር (የሌዘር ፕሪንተር ቀለም) ማስጀመሪያ ነው፣ ከመደበኛው ያነሰ የተሞላ። ካርቶኑ ላይ ያለው የገጽ ብዛት ደግሞ በመለኪያ ገጾች የተገኘ ነው። ለተራ ጽሑፍ የወረቀቱ 5% ያህል ብቻ ቀለም ይነካዋል ተብሎ ይታሰባል። ሙሉ ገጽ ፎቶ እያተማችሁ ያንን ቁጥር አትጠብቁ። ስታወዳድሩ የማሽኑን ዋጋ ተዉትና የቀለሙን ዋጋ ለገጹ ብዛት አካፍሉ። ርካሽ የካርትሪጅ ማሽን የሚሸጠው ትርፉ ቀለሙ ላይ ስለሆነ ነው። ሦስት ቀለም ባንድ ላይ የያዘው ካርትሪጅማ አንዱ ሲያልቅ ሁለቱን ይዞ ይጣላል።

«የቆሻሻ ቀለም ማጠራቀሚያው ሞልቷል» ይላል

ያው ከላይ ያየነው ስፖንጅ ነው። ቆጣሪውን በሶፍትዌር ሪሴት አድርጎ ስፖንጁን ሳይነካ የሚመልስ ጠጋኝ አለ። እሱ ጥገና አይደለም፤ ቀለሙ አንድ ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ ይፈሳል። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ማጠራቀሚያው በባለቤቱ እጅ የሚቀየር ሞዴል ምረጡ። ጥቂት ቢወደድም ያዋጣል።

ጠርሙስ ከቀየርኩ ወዲህ ቀለሙ ተበላሸ

ዳይ (ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ) እና ፒግመንት (ደቃቅ ብናኝ ያለበት) ቀለም አንድ አይደሉም፣ ታንክ ውስጥ አይቀላቀሉም። ለሞዴላችሁ የተባለውን ቁጥር ብቻ ግዙ። ስሙ ያልታወቀ ጠርሙስ እየሞሉ ፕሪንተሩን መርገም ሰልችቶኛል።

ሌሎቹ ብዙም አይገጥሙም። ፊደሉ ጥላ ከያዘ አላይንመንት (የፕሪንት ሄዱን አሰላለፍ የሚያስተካክለውን ትዕዛዝ) አሠሩ። ታንክ ማሽን በጎኑ ተጭኖ ሄዶ ካፈሰሰ አቁሙትና ጥርጉት፣ ሌላ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ውሰዱት።

እንግዲህ የቱን?

አልፎ አልፎ፣ ያውም ጽሑፍ ብቻ ለምታትሙ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ግዙ። ቶነር ዱቄት ነው፣ አይደርቅም፤ ለወራት ቢቆም ግድ የለውም። ድራሙ (ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ሲሊንደር) ለብቻው የሚቀየር ከሆነ ዋጋውን አብራችሁ አስሉ። በየሳምንቱ ብዙ ገጽ፣ ባለቀለምም ጭምር የምታትሙ ከሆነ ታንክ ያለው ይሻላችኋል፦ የኤፕሰን ኢኮታንክ፣ የካኖን ጂ ተከታታይ፣ የኤችፒ ስማርት ታንክ። በዓመት ጥቂት ፎቶ ለማተም ብላችሁ ግን ባለቀለም አትግዙ፤ ፎቶ ቤት አሳትሙት።

ያገለገለ ታንክ ፕሪንተር ከሆነ የምትገዙት፣ ዓይናችሁ እያየ ኖዝል ቼክ ይታተም። ሻጩ «ቀለም ስለሌለው ነው እንጂ ይሠራል» ካለ ቀለም ሞልቶ ያሳያችሁ። ካልሆነ ትታችሁት ሂዱ።