አማሪሊስ ቅጠል ብቻ ሲሆን፣ ሲበሰብስ፣ ሲዘም፦ ችግርና መፍትሄ ለአዲስ አበባ በረንዳ

አማሪሊስ የሽንኩርት ራስ ከሚመስል ኮረት ነው የሚበቅለው። ኮረቱ ምግቡንም የከርሞ አበባውንም በውስጡ ሸክፎ ይይዛል። ስለዚህ ዛሬ የምታዩት ችግር ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት የተፈጠረ ነው፤ መፍትሄውም ትዕግሥት ይፈልጋል።

ቅጠሉ ለምለም፣ አበባው የለም

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያስመርረው ይህ ነው። አንዱ ምክንያት ዕረፍት ማጣት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው። ኮረቱ ለማረፍ የሚፈልገው ልክ ይህንን ነው፤ እኛ ግን እንዳይጠማ ብለን ዓመቱን ሙሉ እናጠጣዋለን።

ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ውሃ አቁሙ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በራሱ ይድረቅ፤ አረንጓዴውን አትቁረጡ፣ ያለውን ምግብ ወደ ኮረቱ እየመለሰ ነውና። ፖቱን ውሃ በማይነካው ጥላ ጥግ ከ8 እስከ 10 ሳምንት አቆዩት። ጥር አጋማሽ ላይ ወደ ብርሃን አውጡና አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጡት፤ ቡቃያ ብቅ እስኪል አትድገሙ። ቡቃያው ወፍራምና ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ከሆነ አበባ ነው፤ ስስና ጫፉ ክብ ከሆነ ቅጠል ነው። አበባው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይፈነዳል።

ዕረፍት ወስዶም እምቢ ካለ ማዳበሪያውን ተመልከቱ። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ ስለሆነ ቅጠል ያወፍራል እንጂ አበባ አያመጣም። አበባው ካለቀ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ በየ6 ሳምንቱ ሩብ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) በፖቱ ጠርዝ ቅበሩ። ኤንፒኤስ ፖታሺየም ስለሌለው አንድ የሻይ ማንኪያ የተነፋ የእንጨት አመድ ጨምሩበት። ከእናቱ የተነጠለ፣ ሎሚ የሚያህል ኮረት ከሆነ ግን ጥፋት የለበትም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ይቀረዋል።

ኮረቱ ለስልሶ ይሸታል

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚመጣ ጣጣ ነው። ወይ ፖቱ ቀዳዳ የለውም፣ ወይ አፈሩ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ነው፣ ወይ ኮረቱ እስከ አንገቱ ተቀብሯል።

ነቅላችሁ እጠቡት፤ በንጹሕ ቢላ ቡናማውን ክፍል ነጭ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ቁረጡ። ሥሩ የሚወጣበት ጠንካራ መቀመጫ ከበሰበሰ ጣሉት፣ አይድንም። መቀመጫው ደህና ከሆነ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነስንሱና ጥላ ውስጥ ሦስት ቀን አድርቁት። ከዚያ በሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ትከሉት፤ የኮረቱ ግማሽ ከአፈር በላይ ይሁን። ለአንድ ሳምንት ውሃ አይንካው። የፖቱ ስፋት ከኮረቱ በየጎኑ ሁለት ጣት ቢበልጥ ይበቃል፤ ሰፊ ፖት ውሃ ይይዛል።

የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የምትጠቀሙ ከሆነ ሚስማር በእሳት አግሉና ከሥሩ ስምንት ቀዳዳ ብሱ፤ እየዞራችሁ አስፉት፣ ጠባብ ቀዳዳ በጭቃ ይደፈናል። ከሥሩ ሰሐን ካለ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉ።

ቅጠሉና አገዳው ላይ ቀይ ነጠብጣብ

ቢላ የነካው ወይም የተጫረ ቦታም ይቀላል፣ አትደንግጡ። ነጠብጣቡ እየሰፋ ቅጠሉን ካጣመመው ግን ፈንገስ ነው፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚዘምተው በሚረጭ ውሃ ነው። የታመመውን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቢላውን በአልኮል ጥረጉ፣ ውሃ አፈሩ ላይ ብቻ አፍስሱ። በክረምት ፖቱን ከዝናብ ፍንጣቂ አርቁት። ካልቆመ መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ በመለያው ላይ በተጻፈው ልክ ርጩ።

አገዳው ዘሞ ይወድቃል

ብርሃን አንሶታል። ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ ፊት ለፊት ረጅም ሕንፃ ካለ መስኮቱ ብሩህ ቢመስልም አይበቃውም። የጠዋት ፀሐይ ወዳለበት በረንዳ አውጡት፣ በየሦስት ቀኑ ሩብ ዙር አዙሩት።

ቱሊፕ ከሆነስ?

ቱሊፕም ከኮረት የሚበቅል አበባ ነው፤ ለ12 ሳምንት ግድም ከ9 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ ካላገኘ አያብብም፤ የኛ ቀን ለዚያ ይሞቃል። ኮረቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆዩት፤ ግን ፖምና ሙዝ አጠገቡ አይኑሩ፣ ከፍሬ የሚወጣው ጋዝ የአበባውን እምቡጥ ውስጥ ለውስጥ ይገድለዋል።

አማሪሊስ መርዛማ ነው፤ ለሰውም ለውሻም ለድመትም። ያረፈውን ኮረት ከወጥ ቤት ሽንኩርት ጋር አንድ ዘንቢል ውስጥ አታስቀምጡት፤ ስሙን ጽፋችሁ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አኑሩት።