ስለ ሞባይል ጨረር የሚወራውን እንዴት እንመዝን?
ደሴ፣ ፒያሳ፣ ሞባይል እጠግናለሁ። «ጨረሩ የአይጥ አንጎል ጎዳ አሉ፣ እውነት ነው?» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም።

እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሙ መጀመሪያ የጨረሩን መጠንና ሰዓቱን እዩ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ መንግሥት ጥናት፣ አይጦቹ በቀን 9 ሰዓት ገደማ፣ እስከ 2 ዓመት ድረስ፣ መላ ሰውነታቸው ለ2ጂና ለ3ጂ ጨረር ተጋልጧል። የወንዶቹ ልብ ላይ ዕጢ ታየ። የአንጎሉ ማስረጃ ግን ደከም ያለ ነው። ደግሞ ጨረር ያገኛቸው ወንዶች ካላገኛቸው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ይሄንን ማን ያወራል!

ቀጥሎ *#07# ደውሉ፤ ብዙ ስልኮች የጨረር መጠናቸውን ያሳያሉ። ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ጉልበት ይጨምራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ስልኩ ከተቆራረጠባችሁ፣ ወሬውን ኮምቦልቻ ግቡና ጨርሱት። የሚቸኩል ስልኩ ከጭንቅላቱ እንዲርቅ ኢርፎን ይሰካ።