መጠኑ የማይገጥም ትርፍ ጎማ በፎር ዊል መኪና ላይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎማ ሲተነፍስ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ቦታ መነሣት። ክሪኩን አስገብቶ፣ ትርፉን አውርዶ፣ ዳዶውን አጥብቆ መሄድ። ፎር ዊል መኪና ላይ ግን መጠኑ የማይገጥም ጎማ የሚጎዳው ዓይን የማያየውን ቦታ ነው፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን ትራንስፈርና የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለውን ዲፈረንሻል። ጉዳቱ ዘይት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ቶሎ አይታወቅም።

የቸርኬውን ቁጥር ብቻ ማየት

«የመኪናዬ 17 ነው፣ ትርፉም 17 ነው» ብሎ የሚረካ ብዙ ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ለፎር ዊል የሚያስፈልገው ግን ጎማው በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት ነው። ጎኑ ላይ 265/65 አር 17 የሚል ካለ፣ 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ሲሆን 65 ደግሞ የጎኑ ከፍታ ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። ሲሰላ ሙሉ ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። 265/70 አር 17 ግን 803 ነው፤ ቸርኬው አንድ ሆኖ ጎማው ሌላ። በአንጻሩ 265/70 አር 16 ቸርኬው ቢያንስም 777 ስለሚመጣ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይዞራል።

ስሌቱ ካስቸገረ ጠመኔ ይበቃል። ጎማውና መሬቱ ላይ ምልክት አድርገው አንድ ዙር ሙሉ ያንከባልሉትና ርቀቱን በሜትር ይለኩ።

አራቱን ቀይሮ አምስተኛውን መርሳት

እንደኔ ግምት የችግሩ ዋና ምንጭ ይህ ነው። ባለቤቱ መኪናው ከፍ እንዲልለት አራት ትልልቅ ጎማ ያስገጥማል፤ ከሥር የተንጠለጠለው ትርፍ ግን ከፋብሪካ የመጣው ትንሹ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዴም ትልቁ ጎማ ቦታው ላይ አልገባ ስለሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ለትርፉ ሌላ ማስቀመጫ መፈለግ፣ ካልሆነም መጀመሪያውኑ ጎማ አለማሳደግ ይሻላል። ፎር ዊል የሚገዛው ሩቅና አስቸጋሪ ቦታ ለመግባት ነውና፣ ትርፍ ጎማውም የሚፈለገው እዚያው ነው።

ትርፉ ተገጥሞ ሳለ ፎር ዊል ማስገባት

ይህኛው ስህተት ከሁሉም ይከፋል። ሹፌሩ ራሱ ፎር ዊል የሚያስገባባቸው ብዙ መኪናዎች መካከለኛ ዲፈረንሻል የላቸውም። ፎር ዊል ሲገባ ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱት ዘንጎች፣ የፊቱና የኋላው ሻፍት፣ እንደ አንድ ብረት ይታሰራሉ፤ አንዱ ከሌላው ቀድሞ መዞር አይችልም። ከላይ ባየናቸው ሁለት ባለ 17 ጎማዎች እንሂድ፤ ትርፉ ትንሹ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ትልቁ ይሁኑ። ትልቁ በ1 ኪሎ ሜትር ከ396 ዙር ትንሽ ያልፋል፣ ትንሹ 410 ይዞራል፤ ልዩነቱ 13 ዙር ተኩል ነው። ዲፈረንሻሉ የሁለቱን ጎማዎች አማካይ ስለሚወስድ ሻፍቱ ላይ የሚደርሰው የዚህ ግማሽ ነው። የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4 ለ 1 ቢሆን፣ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር ሻፍቱ አራት ጊዜ ቢዞር፣ ግን ያው ግማሽ በአራት ይባዛል። ሁለቱ ሻፍቶች በየኪሎ ሜትሩ 27 ዙር ያህል ሊለያዩ ይፈልጋሉ፤ ትራንስፈሩ ደግሞ አይለቃቸውም።

ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያስተነፍሳል። ደረቅ አስፋልት ግን ጎማውን ጨብጦ ስለሚይዘው ጥምዘዛው ሻፍቱና ማርሹ ውስጥ ይጠራቀማል። ጎማዎቹ እኩል ሲሆኑ ይህ የሚመጣው በኩርባ ላይ ነው፤ መጠናቸው ሲለያይ ግን ቀጥ ባለው መንገድም አይቀርም። መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይንጫጫል፣ የፎር ዊሉ ማርሽ አልወጣ ይላል። እንዲህ ሲሆን ማርሹን በጉልበት አይታገሉት። መኪናውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሲነዱት ውጥረቱ ይላላል፣ ማርሹም ይወጣል። የግራና የቀኝ ጎማን አንድ ላይ የሚያስር የዲፈረንሻል መቆለፊያ ያለው መኪና ላይማ ትርፉ ባለበት አክስል መቆለፊያውን ፈጽሞ አይንኩት።

«እኔ ምንም አላስገባሁም» ማለት

ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና ላይ የሚገባም የሚወጣም ነገር የለም፤ ሥርዓቱ ያለ እረፍት ይሠራል። መካከለኛው ክፍል በሲሊኮን ፈሳሽ የሚሠራ ከሆነ፣ የማያቋርጠው የፍጥነት ልዩነት ፈሳሹን ያግለዋል፤ ሲግል ደግሞ ይጠነክርና ሁለቱን ሻፍቶች ያስራል። አንዳንድ የቆዩ አውቶማቲክ ሱባሩዎች ለዚሁ ሲባል ኮፈኑ ሥር የፊውዝ ቦታ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ ፊውዝ ሲሰካበት ለኋላ ጎማዎች የሚሄደው ኃይል ይቋረጣል። የእርስዎ መኪና ምን እንደሚል የሚነግርዎ መመሪያ መጽሐፉ ነው፤ ጎማ ከመተንፈሱ በፊት ማንበብ ነው።

በተነፈሰው ቦታ ላይ መግጠም

ፎር ዊሉ በማይገባበት ጊዜ በኋላ ብቻ የሚገፋ መኪና ላይ የተነፈሰው የኋላ ጎማ ከሆነ፣ ትርፉን እዚያው አይግጠሙት። ከፊት አንድ ጎማ ወደ ኋላ ያዛውሩና ትርፉን ፊት ያድርጉት። ሁለት ጊዜ ክሪክ ማንሣት ያሰለቻል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የኋላው ዲፈረንሻል መንሸራተትን የሚገታ ዓይነት ከሆነ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ሳያቋርጡ እየተፋተጉ ይግላሉ፣ ያልቃሉ። ፊት ላይ ግን ፎር ዊሉ እስካልገባ ድረስ ኃይል ስለማይመጣ ልዩነቱ ብዙ አይጎዳም። እንዲያም ሆኖ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊጎትት፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የኤቢኤስ መብራትም ሊበራ ይችላል፤ ቀስ ብሎ መንዳት ነው።

በአየር ለማስተካከል መሞከር

«ትልቁን ትንሽ አስተንፍሰው» የሚል ምክር አለ። አይሠራም። የራዲያል ጎማ ዙሪያ በብረት ቀበቶ የታሰረ ስለሆነ አየሩ ሲቀንስ ጎኑ ይተኛል እንጂ ዙሪያው እምብዛም አያጥርም። የሚያተርፉት የጋለ ጎማ ነው።

ዳዶውንና ፍሬኑን አለማየት

ለቅይጥ ብረት ቸርኬ የተሠራ ዳዶ ሁሉ ለተራው ብረት ቸርኬ አይሆንም፤ መቀመጫው ሾጣጣ ወይም ጠፍጣፋ መሆኑን ያስተያዩ። ትንሽ ቸርኬ ደግሞ ትልቅ ፍሬን ላይ ላይገባ፣ ገብቶም ሊነካካ ይችላል። በእጅ አዙሮ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

ቁጥሩ አንድ ስለሆነ መተማመን

ጎማዎቹ አንድ ቁጥር ቢኖራቸውም አዲስና ያለቀ እኩል አይደሉም። የአንዱ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 3 ከሆነ በዲያሜትር 10 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። መድኃኒቱ ትርፉ አራቱ ሲያልቁ ተንጠልጥሎ አዲስ እንዳይቀር፣ ጎማ ሲዘዋወር አምስቱንም ማዘዋወር ነው። ትርፉን ባወረዱ ቁጥር ዕድሜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ይዩ፤ 2319 የሚል ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር።