የጨረር ቁጥር ሲዛባ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ሐዋሳ በምሠራበት ቤተ ሙከራ ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ለመመረቂያ ጽሑፉ በታቦር ተራራ ግርጌ የጨረር ልኬት ወስዷል። «ጋሼ፣ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ምን ሊውጣቸው ነው?» አለኝ። ፊቱ ገርጥቷል። ሰንጠረዡ በሰዓት 0.12 ሚሊግሬይ ይላል፤ ግሬይ አንድ ነገር ከጨረር የተቀበለው ጉልበት መለኪያ ነው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ስለሆነ ሲባዛ ከ1 ግሬይ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ሊሆን አይችልም።

የመስክ ደብተሩን አስወጣሁት። በእርሳስ ከጻፈው ቁጥር አጠገብ እግሯን ወደ ታች የዘረጋችው የግሪክ ፊደል ሙ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሙ ማለት ማይክሮ ነው።

ምልክት፦ መልሱ በ1,000 እጥፍ በዛ ወይም አነሰ። መንስኤው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚሊ፣ የማይክሮና የናኖ መምታታት ነው። የእኛ ተማሪ ሙን የጻፋት ሲምቦል በሚባለው ፎንት ነበር። በመጨረሻ ሰንጠረዡን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ሲቀይረው ሙ ወደ ላቲኗ ኤም ተለወጠች፤ ኤም ደግሞ ሚሊ ናት። አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅለን የምንጽፍ ሰዎች ፎንት ደጋግመን ስለምንቀያይር ይህ ችግር በእኛ ላይ ይበረታል።

መፍትሄው ወደ ደብተሩ መመለስና መለኪያውን በቃል መጻፍ ነው፦ «ማይክሮግሬይ»። 1 ግሬይ 1,000 ሚሊግሬይ፣ 1 ሚሊግሬይ 1,000 ማይክሮግሬይ፣ 1 ማይክሮግሬይ 1,000 ናኖግሬይ ነው። ስለዚህ 0.12 ማይክሮግሬይ 120 ናኖግሬይ ይሆናል፤ በዓመት ሲሰላም ወደ 1.05 ሚሊግሬይ። ከአፈርና ከዓለት የሚወጣው ጨረር ከቤት ውጭ በዓለም አማካይ በሰዓት 60 ናኖግሬይ ገደማ ነው። በስምጥ ሸለቆ እንደሚገኙት ሪዮላይት ያሉ ፈዛዛ የእሳተ ገሞራ ዓለቶች ደግሞ ከጥቁሩ ባዛልት ይልቅ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም ይበዛባቸዋል። ስለዚህ እጥፍ ሆኖ ቢገኝ አይገርምም። ሺህ እጥፍ ሲሆን ግን ከዓለቱ በፊት ኮምፒውተሩን ጠርጥሩ።

ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር አለ፦ ያገኛችሁትን መልስ ለጠበቃችሁት መልስ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር በሽታውን በስሙ ይጠራዋል። 1,000 ከወጣ ከላይ ያየነው ነው፤ 8,760 ከወጣ ደግሞ የሰዓቱን ልኬት ከዓመቱ ጋር አምታታችኋል።

ምልክት፦ በ100 ወይም በ10,000 እጥፍ ሳተ። መሣሪያው ወይም መጽሐፉ በራድ፣ ማለትም ከግሬይ በፊት በነበረው አሮጌ መለኪያ፣ የሚናገር ነው። ግሬይ በ1975 በዓለም አቀፍ ደረጃ ቢጸድቅም ራድ በአሜሪካ መሣሪያዎች ላይ እስካሁን አለ። 1 ግሬይ 100 ራድ ስለሆነ፣ ከራድ ወደ ግሬይ ሲኬድ ማካፈል ነው። የዘነጋ በ100፣ በማካፈል ፈንታ ያባዛ በ10,000 ይስታል። ለትናንሽ ልኬቶች ይህችን መያዝ ይበቃል፦ 1 ሚሊራድ 10 ማይክሮግሬይ፣ 1 ማይክሮራድ 10 ናኖግሬይ ነው። መሣሪያው በሰዓት 0.01 ሚሊራድ ካሳየ 100 ናኖግሬይ ማለት ነው። ጨረር በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚለኩት ሬምና ሲቨርትም በዚሁ ስሌት ይሄዳሉ፦ 1 ሲቨርት 100 ሬም ነው።

ምልክት፦ መልሱ 14 ከመቶ ያህል በለጠ። መሣሪያው የሚያነበው በማይክሮሮንትገን ነው፤ እናንተ ግን እንደ ራድ ቆጥራችሁ በ10 አባዝታችኋል። ሮንትገን ጨረር አየር ውስጥ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) እንጂ የተቀበልነውን ጉልበት አይለካም። በአየር ውስጥ 1 ማይክሮሮንትገን ወደ 8.76 ናኖግሬይ ነው፤ 12 ማይክሮሮንትገንም 120 ሳይሆን 105 ናኖግሬይ ገደማ ይሆናል። ይህ 8.76 ከዓመቱ 8,760 ሰዓት ጋር መመሳሰሉ እንዲሁ አጋጣሚ ነው። «ሰዓቱን አንዴ አስገብቼዋለሁ» ብሎ አንዱን የሰረዘ ተማሪ ስላየሁ ነው ይህን መጻፌ።

ምልክት፦ ዓመታዊው ሚሊሲቨርት ከሌሎች ጥናቶች 7 እጥፍ ገደማ ሆነ። ለጋማ ጨረር የክብደት ቁጥሩ (የጨረሩ ዓይነት ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳየው ማባዣ) 1 ስለሆነ ብዙዎች ግሬይን እንዳለ ሲቨርት ብለው ይጽፉታል። የተባበሩት መንግሥታት የአቶሚክ ጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴ ግን በአየር ውስጥ የተለካውን ግሬይ ወደ አዋቂ ሰው ሲቨርት ለመለወጥ በ0.7 ያባዛል፤ ሰው ከቤት ውጭ የሚያሳልፈውንም ጊዜ 0.2 አድርጎ ይወስዳል። 60 ናኖግሬይ በ8,760፣ በ0.2 እና በ0.7 ሲባዛ 0.07 ሚሊሲቨርት ገደማ ይሰጣል። ሁለቱን ቁጥሮች የዘለለ 0.53 ያገኛል።

ምልክት፦ ኤክሴል 0.00 ያሳያል። ቁጥሩ አልጠፋም፤ በግሬይ ሲጻፍ እጅግ ስላነሰ ሣጥኑ አላሳየውም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በናኖግሬይ ሥሩ፣ ለውጡን ለመጨረሻው ዓምድ ተዉት።

ወደ ተማሪው ልመለስ። ስህተቱን ሲያይ ኤሞቹን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ወደ ማይክሮ ሊለውጣቸው እጁን ሰነዘረ፤ እኔ አስቆምኩት። አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር አስተያየን። በዓመታዊው ዓምድ ውስጥ የነበሩት እውነተኛ ሚሊዎች ነበሩ።